አጥፍታችሁ አብሩት

ሰው ሲበድልህ በአፉ ቢሆን ይሻላል። አፍ ይካዳል፣ ይረሳል፣ ሽማግሌ ገብቶ ያለሳልሰዋል። እኔ የተበደልኩት በሠንጠረዥ ነው። አሥራ ሁለት ረድፍ፣ ሁለት ዓምድ። በግራ ሊኑክስ፣ በቀኝ ዊንዶውስ፤ ሁለት የኮምፒውተር ሲስተሞች። የግራው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ቀይ ተቀብቷል፤ የቀኙ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ። ከሥሩ ፊርማ አለ፤ የእህቴ ባል ፊርማ።

ያንን ወረቀት አሥራ አንድ ዓመት አኑሬዋለሁ። ቤት ስቀይር ከትምህርት ማስረጃዬ ጋር በአንድ ፖስታ ከትቼ ይዤው ዞሬአለሁ። «ይቅር በል» የሚሉኝን ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ አንዳቸውም በሠንጠረዥ ተባርረው አያውቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የኔትወርኩና የሰርቨሩ ሥራ የእኔ ነበር። የትኛው መድኃኒት የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ፣ መቼ ጊዜው እንደሚያልፍ፣ ለየትኛው ፋርማሲ እንደወጣ የሚያስታውሰው ሰርቨሩ ነው፤ ሰርቨሩን ያዋቀርኩት ደግሞ እኔ፣ በሊኑክስ። ታናሽ እህቴ «ጋሼ፣ እጮኛዬ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል» ስትለኝ እጁን ይዤ አስገባሁት። ገመድ ጫፍ ላይ መሰኪያ ከመግጠም ጀምሮ አስተማርኩት። በማስታወሻ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በገዛ እጄ «ሰርቨር አይጠፋም» ብዬ ጽፌ ሁለቴ አሰመርኩበት። ያን ጊዜ እንደዚያ ነበር የማምነው። ሰርቨሬ ሳይጠፋ የቆየበትን ቀን እንደ ልጅ ዕድሜ እቆጥር ነበር።

በስድስተኛው ወር አንድ ማለዳ አላስፈላጊ ፋይል አጸዳለሁ ብሎ የማጥፊያውን ትዕዛዝ በተሳሳተ ቦታ ሰጠ። የደንበኞቹ ዝርዝር በሙሉ ተጠረገ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጋሼ፣ ሰርጋችን ሦስት ሳምንት ነው የቀረው» አለኝ።

ሁለት ቀን ከወንበር ሳልነሳ ከባክአፕ፣ ለክፉ ቀን ካስቀመጥኩት ቅጂ፣ መለስኩት። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቁኝ «የሲስተም ችግር ነው፤ አስተካክዬዋለሁ» አልኳቸው። በሕይወቴ ለሰው ብዬ ከዋሸኋቸው ውሸቶች ትልቁ እሱ ነው።

ከስምንት ወር በኋላ ያ ውሸት አማቼ ለሥራ አስኪያጁ ባቀረበው ሠንጠረዥ ላይ ሰባተኛው ረድፍ ሆኖ መጣልኝ። «መረጃ ማጥፋት፦ ዊንዶውስ፣ አያጠፋም። ሊኑክስ፣ ያጠፋል፤ የሲስተም ችግር፣ በባለሙያው በራሱ አንደበት።» ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኸ ነው። ሥራ አስኪያጁ ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚችሉ ሰው ነበሩ፤ ከዚያ በላይ ግን አልነበሩም። ወንበሬን ለአማቼ ሰጡት። ለእኔ «መረጃ ያጠፋው ሰውዬ» የሚል ስም ተረፈኝ። በዚያ ስም ሦስት ዓመት ማንም ሰርቨር አላስነካኝም። በአንድ ሱቅ ጥግ ተቀምጬ የተሰበረ የስልክ ስክሪን ስቀይር ኖርኩ። የእህቴን ደጃፍ ከዚያ ወዲህ አልረገጥኩም።

በእነዚያ ሦስት ዓመታት አንድ ነገር አደረግሁ። ማታ ማታ ዊንዶውስ ሰርቨርን አጠናሁ። ከፍቅር አይደለም። ጠላትህን በደንብ ለመጥላት እንኳ በደንብ ማወቅ ይኖርብሃል። ነውሩን እየቆጠርኩ ልጽፍ ተነሳሁና እየተናደድኩ ብዙ በጎ ነገር አገኘሁበት። እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ አንድ የይለፍ ቃል ገብቶ ፋይሉንም ፕሪንተሩንም የሚያገኝበት አሠራሩ ንጹሕ ነው። የሰው እጅ ለምዶታል። ሊኑክስ ደግሞ ለስንፍና ቦታ የለውም፤ ቀላል ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይ ይሮጣል፣ ምን እየሠራ እንደሆነ አይደብቅህም፤ ግን የሚያውቀው ሰው ከሌለ ዱዳ ነው። የትኛው ይሻላል ብሎ በደፈናው የሚጠይቅ ሰው የትኛው ጫማ ይሻላል ብሎ እንደሚጠይቅ ነው። ለማን እግር? በየቦታው ሁለት ዓምድ አሥምረው ቀይና አረንጓዴ የሚቀቡ ሰዎች እግሩን ሳያዩ ጫማውን የሚፈርዱ ናቸው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ሰዎች ቀስ በቀስ ይጠሩኝ ጀመር፤ ስሜ ተመለሰ። ቂሜ ግን ካለበት አልተነቃነቀም።

ከጥቂት ወራት በፊት ስልኬ ጮኸ። የዚያ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነች፤ የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ልጅ።

«ሁለት መጋዘን አለን፤ ሦስተኛ ልንከፍት ነው» አለችኝ። «አንዱ በዊንዶውስ ይሠራል፣ አንዱ በሊኑክስ። ለሦስቱም አንድ ዓይነት እንዲሆን እፈልጋለሁ። አወዳድረው አንድ ገጽ ይጻፉልኝ።»

«ከመቀበሌ በፊት ሁለት ነገር ይወቁ» አልኳት። «የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊዎ የእህቴ ባል ነው። ደግሞም ያንን ወንበር ሲይዝ ከላዩ የተነሳሁት እኔ ነኝ። አባትዎ ናቸው ያባረሩኝ።»

«በምን ምክንያት?»

«በሠንጠረዥ።»

«ታዲያ ይምጡ» አለችኝ። «ያባረርነው ሰው ቢያንስ አያቆላምጠንም።»

ሰኞ ጠዋት ሄድኩ። ኮሪደሩ ያው ነው፤ የካርቶንና የአልኮል ሽታው ያው። የሰርቨሩ ክፍል በር ላይ ግን አዲስ ነገር ተሰቅሏል፤ በላስቲክ የተለበጠ ወረቀት፦ «ይህ ሰርቨር ሳይጠፋ ያገለገለበት ቀን»። ከሥሩ በየጠዋቱ እየተፋቀ የሚጻፍ ቁጥር አለ፦ 1,299። የሽያጭ ሠራተኞቹ ለእንግዳ ሁሉ ያሳዩታል አሉ።

አማቼ በሩ ላይ ተቀበለኝ። ሆዱ መጥቷል፣ ጸጉሩ ሄዷል።

«ጋሼ! እንኳን ደህና መጣህ! ስንት ዘመን ሆነን?»

«አሥራ አንድ ዓመት። አንተ እንኳ መቁጠር ትወዳለህ፤ በር ላይ ለጥፈሃል።»

ሳቀ። «ከማን ተማርኩት ታዲያ?»

ወደ ውስጥ ገባሁ። ሰርቨሩ ያንጎራጉራል። ፊቱ ላይ አንድ ቦታ ቁስል ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር ተለጥፎበታል፤ ከመጋዘኑ የወጣ፣ ድርጅቱ ለፋርማሲ የሚያከፋፍለው።

«ምን ሆኖ ነው? ወድቆ ነበር?» አልኩት።

«የለም፣ ከሥሩ መብራት አለች። ታብለጨልጫለች፤ ዓይን ታደክማለች።»

«ምን ዓይነት ቀለም?»

«ብርቱካናማ ነገር።»

ብርቱካናማ ነገር! በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ያቺን መብራት ሲያይ እንቅልፍ አይወስደውም። ሰርቨሩ መረጃውን በሁለት ዲስክ ላይ እኩል ይጽፋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲይዝ። መብራቷ አንዱ ሞቷል ማለቷ ነው።

«ከሞተ ስንት ጊዜው ነው?» አልኩት።

«ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ግን ይሠራል እኮ፣ ጋሼ! አንዱ ይበቃዋል። ያኛውን ለመቀየር ደግሞ ይኼን ማጥፋት ሊያስፈልግ ነው።»

«ቁጥሩ ከዜሮ ሊጀምርብህ።»

የሲስተሙን ማሻሻያዎች፣ አፕዴቱንም አየሁ፤ ከሦስት ዓመት ተኩል ወዲህ አንድም አልተጫነም፤ ከጫኑ ሪስታርት፣ አጥፍቶ ማብራት፣ ይጠይቃላ! ለአንድ ወረቀት ሲል ሰውየው ማሽኑን በቁሙ ሲያደርቀው ኖሯል። ሥራችን ውስጥ ያልገባ ሰው ይህን ላያምን ይችላል። እኛ ግን ይህን በሽታ እናውቀዋለን። ሳይጠፋ የቆየ ማሽን ጤነኛ ይመስለናል። ሳይመረመር የቆየ ሰው ጤነኛ ነው እንደማለት ነው።

እዚያው ቆሜ በቀሌ ምን እንደሚመስል አየሁት። ሁለት ቃል ነው፤ አጥፍታችሁ አብሩት።

ቂመኛ ነኝ፤ እብድ ግን አይደለሁም። መድኃኒት የሚጠብቅ በሽተኛ የኔን ቂም አይከፍልም። ለሥራ አስኪያጇ ነግሬ አዲስ ማሽን አስመጣሁ፤ ዊንዶውሱንም መረጃውንም አንድ በአንድ ገልብጬ እንደሚሠራ ሞከርኩት። ለአማቼ «ለማወዳደሪያ ነው» አልኩት። እውነቴን ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት ግቢውን ተሻግሬ ወደ ሁለተኛው መጋዘን ሄድኩ። ከፋርማሲዎች የሚመለስና ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት የሚከማችበት ነው። ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠውን ማሽን ሳየው ወዲያው አወቅሁት። የኔ ሰርቨር ነው። ጎኑ ላይ ያለው ጭረት እንኳ እኔ በመፍቻ የጫርኩት ነው። ከዋናው መጋዘን ሲያነሱት ለተመላሽ ይበቃል ብለው እዚህ ጥለውት፣ ከነሊኑክሱ ተረስቶ ቀርቷል።

አሁን የሚያዙበት እትዬ ቁልፍ ናቸው። መጋዘኑን የሚጠብቁ፣ ጡረታ የደረሱ ሴትዮ፤ ወገባቸው ላይ በሚንሿሿው የቁልፍ ዘለላ ነው ስሙ የወጣላቸው።

«አንተ ልጅ! የስልክ መስታወት ትቀይራለህ ሲሉኝ ነበር!»

«ተሻሽያለሁ፣ እትዬ።»

«ተመስገን። ከስተህ ነበር አሉኝ፤ አሁን ደህና ነህ።»

ቁጭ ብዬ መዝገቦቹን ሳገላብጥ ዋልኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እትዬ ቁልፍ ቦርሳቸውን አነሱ፣ መስኮቱን ዘጉ፣ መብራቱን አጠፉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የሰርቨሩን ቁልፍ ተጫኑት። ማሽኑ ተንፍሶ ጸጥ አለ።

ከወንበሬ ተነሳሁ። «እትዬ! ምን አደረጉ?»

«ምን አደረግሁ? ወደ ቤቴ ልሄድ ነዋ።»

«ሰርቨር እኮ ነው!»

«ይሁና! ያኛውም መብራት ነው፤ አጠፋሁት። እሳት ቢነሳ የምጠየቅ እኔ።»

«በየቀኑ ያጠፉታል?»

«በየቀኑ። ቅዳሜ ስወጣ ደግሞ እስከ ሰኞ። ጠዋት ስገባ እጫነዋለሁ፤ ነጠላዬን እስካስቀምጥ ይነሳል።»

«አልነሳ ብሎ አያውቅም?»

«አንድ ጊዜ፣ የዛሬ አምስት ዓመት። ጮኽኩባቸው፤ መጡ፣ የሞተ ዕቃ ነበረ፣ ቀየሩለት። ባይጮኹበት ማን ይሰማል?»

ግቢው ውስጥ ቆሜ ለብቻዬ ሳቅሁ። እኔ እንደ ጽላት ያኖርኩትን ማሽን እኚህ ሴትዮ አሥራ አንድ ዓመት እንደ አምፖል ሲያጠፉ ሲያበሩት ኖረዋል። ቁልፉ ሲጫኑት ማሽኑን በሥርዓት እንዲያጠፋ አድርጌ ስላዘጋጀሁት አንድም ቀን አልተጎዳም። ከሦስት ሺህ ጊዜ በላይ ሞቶ ተነስቷል። በጠፋ ቁጥር ተፈትኗል፤ በተፈተነ ቁጥር የታመመው ታውቋል። እሳቸው ይህን አያውቁም፤ እሳት ነው የፈሩት።

ሐሙስ እህቴ ደወለች። በስንት ዘመኗ።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«አወዳድር ብለውሃል አሉ። ሲስተሙን ነው የምታወዳድረው ወይስ ባሌን?»

«ባልሽ ሲስተም ሲያወዳድር ያወዳደረው እኔን ነበር።»

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት።»

«ጸሎት ላይ አይደለሁም፣ እህት ዓለም።»

የልጆች ድምፅ ከኋላዋ ይሰማል፤ የማላውቃቸው የእህቴ ልጆች።

«ስማኝ» አለች። «የሠራውን አውቃለሁ። ያኔም አውቅ ነበር፤ ባሌ ነውና ዝም አልኩ። ለዚያ አንተም ልትቀየመኝ ትችላለህ። እውነቱን ጽፈህ ቢባረር፣ የእጁን ነው እላለሁ። አንዲት ውሸት ጨምረህበት ከሆነ ግን፣ ከእሱ በምን ተሻልክ? ያን ቀን ወንድም የለኝም።»

ስልኩን ዘጋችው። ያን ሌሊት ያቺን «አንዲት ውሸት» እያገላበጥኩ አደርኩ። ሊኑክስን አረንጓዴ፣ ዊንዶውስን ቀይ መቀባት ፈልጌ ነበር። አልዋሽም። አሥራ ሁለት ረድፍ፣ ከላይ እስከ ታች።

ቅዳሜ ጠዋት ሽያጩ ዝግ ሲሆን አራት ሆነን ተሰበሰብን፤ ሥራ አስኪያጇ፣ እትዬ ቁልፍ፣ አማቼና እኔ። በሩ ላይ 1,304 ይላል።

«ፈተናዬ አንድ ነው» አልኩ። «አጥፍታችሁ አብሩት። ሁለቱንም።»

አማቼ ቱግ አለ። «ሰርቨር ዝም ተብሎ አይጠፋም! ይቅርታ ያድርጉልኝና ይኸ ሰው ቂም አለበት!» አላት ለሥራ አስኪያጇ።

«አውቃለሁ፤ በመጀመሪያው ቀን ነግረውኛል» አለች። «ቂም ያለበት ሰው ሲጭነው ማሽኑ ያውቃል እንዴ? እንዲያውም እሳቸው አይነኩትም። አንተ ራስህ ጫነው።»

መጀመሪያ ወደ ተመላሽ መጋዘን ሄድን። እትዬ ቁልፍ አጠፉ፤ አበሩ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤ መዝገቡ ተከፈተ።

«ለዚህ ነው የሰበሰባችሁኝ?» አሉ።

ወደ ዋናው ተመለስን። አማቼ ጣቱን ወደ ቁልፉ ዘረጋ፤ መለሰ፤ ዘረጋ። ተጫነው። ማንጎራጎሩ ቀነሰ፣ ቀነሰና ቆመ። ያ ክፍል ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ አለ፤ የእትዬ ቁልፍ ቁልፎች ብቻ ተንሿሹ።

«አሁን አብራው» አለች ሥራ አስኪያጇ።

አበራው። መብራቶች መጡ፤ አየር ማራገቢያው ጮኸ። ከዚያ ከውስጡ ክክ፣ ክክ፣ ክክ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ለዓመታት ሳያርፍ ሲሽከረከር የኖረ ዲስክ አንዴ ቆሞ መነሳት አቅቶት። ስክሪኑ ላይ ነጭ ጽሑፍ ወጣ፤ የሚነሳበት ዲስክ አላገኘም። አማቼ እንደገና አጠፋው፣ አበራው። ክክ፣ ክክ። ሦስተኛ ጊዜ። በመጨረሻ ፕላስተሯን ላጣት፤ ከሥሯ ሁለት ብርቱካናማ መብራቶች ነበሩ፤ ሁለተኛውም ዲስክ ሞቷል።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አልደብቅም። ሰው ሲወድቅ ማየት አያስደስትም የሚሉት ማንም ጥሏቸው የማያውቅ ናቸው።

«ሥራችንስ?» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«ሥራችሁ አጠገብ ያለው ክፍል ውስጥ ነው» አልኳት። ዓርብ ማታ ከመዘጋቱ በኋላ የቀኑን መረጃ ጨምሬ ያዘጋጀሁትን አዲስ ማሽን አመጣሁ፤ ገመዶቹን አዛወርኩ። እኩለ ቀን ላይ የሽያጩ ኮምፒውተሮች፣ ፕሪንተሮቹ፣ መዝገቡ ሁሉ ሠራ። በዊንዶውስ ነው የሠራው። ሁለት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት፤ ሁለት ጊዜ ተነሳ።

ኮሪደሩ ላይ አማቼ ተከተለኝ። እጄን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ የምትጽፈውን አውቃለሁ። እለምንሃለሁ፣ በኔ አትጻፈው። በሲስተሙ ጻፈው።»

«እንዴት?»

«ዊንዶውስ አልነሳ አለ፣ ሊኑክስ ተነሳ በል። አራት ሰው አይቷል፤ ውሸት አይደለም! ሊኑክስን አረንጓዴ ቀባው። ያንን የድሮውን ሠንጠረዥ እኔ ራሴ ተሳስቼ ነበር ብዬ እፈርማለሁ። አንተ አሸነፍክ፣ ስምህ ይመለሳል። ለሦስቱም መጋዘን ሊኑክስ ይገባል፤ አንተ ታስገባዋለህ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?»

ፖስታዬ ውስጥ ያለው ወረቀት ትዝ አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት የተመኘሁትን ሁሉ ሰውየው በአንድ ትንፋሽ በእጄ ላይ አስቀመጠው። የሚጠይቀኝ ዋጋ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የሲስተም ችግር ነው።

«ይህን ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ ብዬልህ ነበር» አልኩት። «ለሰርግህ ስጦታ ይሆንህ ዘንድ። ምን እንዳደረግክበት ታስታውሳለህ?»

ፊቱ እንደዚያ ማለዳ አመድ መሰለ። ከዚያ ተቆጣ፤ ከኪሱ የታጠፈ፣ የወየበ ወረቀት አወጣና ፊቴ ላይ ዘረጋው።

«ይኸስ የማን ጽሑፍ ነው? ‹ሰርቨር አይጠፋም›! ሁለቴ ተሰምሮበታል! ያስተማርከኝን ነው የሠራሁት! ልትቀጣኝ ከሆነ ራስህን ጨምረህ ቅጣ!»

እሱም ወረቀት ሲያኖር ኖሯል ለካ። የኔ ጽሑፍ ነው፤ መካድ አይቻልም።

«የሃያ አራት ዓመት ልጅ ሳለህ የነገርኩህ ነው» አልኩት። «ዛሬ ስንት ዓመትህ ነው? እኔ ስህተቴን ያወቅሁት አንድ ሰርቨር እጄ ላይ ሞቶብኝ ነው። አንተን ግን መብራቷ ሁለት ዓመት ሙሉ ነገረችህ፤ ፕላስተር ለጠፍክባት። ፕላስተር መለጠፍ እኔ አላስተማርኩህም።»

እጄን አስለቅቄ ሄድኩ። ቢሆንም ያ ወረቀት ውስጤ ገብቶ ነበር።

ሰኞ ሪፖርቴን ሰጠሁ። አንድ ገጽ፣ ሠንጠረዥ ያለው። ሁለት ዓምድ፣ ሊኑክስና ዊንዶውስ። ለዚህ ድርጅት ሥራ ይበቃል ወይ? ሁለቱም አረንጓዴ። ሠራተኛው ይለምደዋል ወይ? ዊንዶውስ አረንጓዴ፣ ሊኑክስ ቢጫ። አሮጌ ማሽን ላይ ይሠራል ወይ? ሊኑክስ አረንጓዴ፣ ዊንዶውስ ቢጫ። በትክክል ከጠፋ በትክክል ይነሳል ወይ? ሁለቱም አረንጓዴ። ከጎናቸው ሦስተኛ ዓምድ ጨመርኩ፤ «ጠባቂ» የሚል። እዚያ አንድ ረድፍ ብቻ ነበር፤ ቀይ ቀባሁት። «ቅዳሜ የወደቀው ዊንዶውስ አይደለም። ከአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ በፊት የደንበኞችን ዝርዝር ያጠፋውም ሊኑክስ አልነበረም። ሁለቱንም ጊዜ ሰው ነው፤ አንድ ሰው» ብዬ ጻፍኩ። ውሳኔዬ፦ ሦስቱም መጋዘን በዊንዶውስ ይሁን፤ ሠራተኛው የሚያውቀው እሱን ነውና። ጠባቂው ግን ይቀየር።

ዊንዶውስን ነጻ አወጣሁት። ሰውየው የሚደበቅበት ነገር እንዳይኖር ጠላቴ ያደረግሁትን ሲስተም ነጻ ማውጣት ነበረብኝ። ሊኑክስን አሸናፊ ብዬ ብጽፍ ኖሮ አማቼ ሲስተም ከዳኝ እያለ በሰላም ጡረታ ይወጣ ነበር።

ከመፈረሜ በፊት አንድ መስመር ጨመርኩ። «ሰርቨር አይጠፋም የሚለውን ትምህርት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የዝርዝሩ መጥፋት የሲስተም ችግር ነው ብዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።» የሌላውን ነውር አውጥቶ የራሱን የሚሸፍን ሰው ፕላስተር ለጣፊ ነው።

ሥራ አስኪያጇ ሁለቴ አነበበችው። «አባቴ ይህን ቢያነቡት…» ብላ ተወችው። ከዚያ አማቼን አስጠራች። አላባረረችውም። አዲሱ ሲስተም እስኪገባ ድረስ ወደ ተመላሽ መጋዘን አዛወረችው፤ በእትዬ ቁልፍ ሥር፣ መዝገብ ጸሐፊ።

«ማጥፋትና ማብራት ከሳቸው ተማር» አለችው።

ከመባረር የባሰ ነበር። እኔ እንኳ ይህን ያህል አላሰብኩም ነበር።

እህቴ የዚያኑ ቀን ደወለች። «እውነቱን ብቻ?»

«እውነቱን ብቻ። የራሴንም ጨምሬ።»

«አንብቤዋለሁ፤ ይዞት መጥቷል። ሲያነብ አለቀሰ። ቤቱን ታውቀዋለህ። መምጣት ያለመምጣቱን አንተ ታውቃለህ።»

እስካሁን አልሄድኩም። እሄዳለሁ ብዬም አልዋሽም።

በማግስቱ ግን ወደ ድርጅቱ ሄጄ ነበር፤ የቀረኝን ዕቃ ልወስድ። ዕቃው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ግን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ግቢው ውስጥ ቆየሁ፤ የተመላሽ መጋዘኑ መስኮት በሚታይበት በኩል። እትዬ ቁልፍ ቦርሳቸውን አነሱ፣ መስኮቱን ለመዝጋት ሲመጡ አዩኝ፤ በራሳቸው ነቀነቁልኝ። ከኋላቸው አማቼ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሯል።

«በል ልጄ፣ መሄዳችን ነው፤ አጥፋው» አሉት።

«እትዬ፣ ሰርቨር እኮ…»

«አጥፋው አልኩህ!»

ጎንበስ ሲል አየሁት። እጁ ቁልፉ ላይ ቆየ። ሲጫነው ጠበቅሁ፤ ተጫነው። መብራቱም ጠፋ። ከዚያ እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ።